ያልተነበቡ፦ ሁለት መቶ አሥር

ሰኞ

ለማንም ተንፍሼው አላውቅም፤ የማህሌትን ደብተሮች የቀደድኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ፊደል አልለይም። በር ላይ ቆሎ እሸጥ ነበር፤ ተጽፎበት ያለቀ ወረቀት መስሎኝ ቆሎ ጠቀለልኩበት። ለካስ ልጄ የልቧን ስትጽፍበት የኖረችው ነው። አባቷ መጻፏን አይወድላትም ነበርና "አባዬ ነው" አለች። እሱ ወደኔ አየ። አቀረቀርኩ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አላት። ከዚያ ወዲያ አባዬ ብላ አልጠራችውም።

እሱ ከሞተ በኋላ ከመዝሙረ ዳዊትና ታክሲ ውስጥ ከሚለጠፉ ጥቅሶች ላይ ማንበብ፣ ቀስ በቀስም መጻፍ ለመድኩ።

ማህሌት ቤቴል ነው የምትኖረው። በበዓል ደውላ ደህንነቴን ጠይቃ ትዘጋለች። ኢንተርኔት ላይ ብሎግ እንደምትጽፍ ከሰው ነው የሰማሁት። ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ስልክ የምትጠግነው ሰናይት አርኤስኤስ የሚሉትን ነገር ጫነችልኝ። "እትዬ፣ ፍለጋ አይሄዱም፤ አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ራሱ እዚህ ይመጣልዎታል" አለችኝ። እንዳይደብረኝ ብላ ዜናም ጨመረችበት።

ማክሰኞ

ስልኩ ላይ 140 ይላል። ያልተነበበው ብዛት ነው። ዳዊት የዕለቱ ሳይደገም አይታለፍም፤ ይኼንንም ከታች፣ ከቆየው ጀመርኩ። የሲሚንቶ ዋጋ። ኳስ። የማላውቀው አገር ምርጫ። እስከ ቀትር አሥራ አንድ አነበብኩ። ውሃ መጥታ ሄደች፤ ጀሪካኑ ባዶውን ነው። ቁጥሩ 163 ሆነ።

ረቡዕ

210። ዓይኔ ያለቅሳል። ማህሌት ጋ ገና አልደረስኩም።

ሰናይት ሳቀችብኝ። "ኧረ እትዬ! ቀኖና ሰጡዎት እንዴ? ይኼን ሁሉ ማን ያነባል? ይችን ሲነኳት ሁሉም እንደተነበበ ይቆጠራል።"

ቤት ገብቼ ነካኋት። ሁሉም ጠፋ። የማህሌትም። እጄን አየሁት፤ ያው የቆሎው እጅ ነው።

ሐሙስ

ምንም አላነበብኩም። ዳዊቱንም።

ዓርብ

አልጠፋም አለች ሰናይት፤ ተደብቆ ነው። ዜናውን በሙሉ አስነቀልኳት። ማህሌት ብቻ ቀረች፤ ሰባት ጽሑፍ።

የመጨረሻው የወጣው ማክሰኞ ነው፤ እኔ ሲሚንቶ ሳነብ። እሁድ የአባቷ ሙት ዓመት ነው፤ አትመጣም። "ደብተሮቼን ለቀደደ ሰው የምጸልየው ጸሎት አጣሁ" ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ መቻሌን ጠላሁ።

"መልስ ልጻፍላት፣ እዚሁ ላይ?" አልኩ።

"በዚህስ አይሆንም እትዬ። ይቀበላል እንጂ አይልክም።"

ቅዳሜ

ጠዋት ደወልኩላት። ደንገጥ ብላ "እማዬ፣ ምነው? ደህና ነሽ?" አለች። "ደህና ነኝ" አልኩ። ዘጋሁት። ይኼው ነኝ እኔ።

ሙት ዓመቱ ነገ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአየር ጤና ታክሲ እይዛለሁ። በሯ ላይ ስቆም አፌ እንደሚያያዝ አውቃለሁ። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ገጾች ከደብተሬ ላይ እቀድዳለሁ፤ ደብተር መቅደድ እንደሆነ እችልበታለሁ። አንብባ ነገ ትምጣ፣ ወይም ከናካቴው በሯን ትዝጋብኝ፣ አላውቅም። ብቻ እሱን ነፃ ታውጣው።

ይኼን የምሰጠው ለማህሌት ነው። በእጇ።