«እስከ ፈተናው እንለያይ»

ኖቬምበር 6

የሙከራ ፈተናው ውጤት መጣ። እንግሊዝኛ ቢ፣ ሒሳብ ሲ። ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሌ ዲ። መምህር ኩዋባራ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ዓይን ዓይኔን አላዩኝም። ምሳ የሩዝ ኳስ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ።

ከትምህርት በኋላ ታኩሮ ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። አብረን ከሆንን ዓመት ከአራት ወር ሆነን።

«ቺዙሩ፣ እስከ ፈተናው እንለያይ።»

«መለያየት ማለት?»

«አንገናኝ፣ አንደዋወል። አንቺ አጠገቤ ስትሆኚ ሐሳቤ ይበተናል። ካለፍን ኪዮቶ እንደልባችን ነን።»

እሺ አልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ... የሰው ሐሳብ የምበትን ሴት! እኔ!

የምርጫ ወረቀቱንም አስገባሁ። «ኦቢሂሮ፣ እንስሳት ሕክምና» የሚለውን በላጲስ አጥፍቼ «ኪዮቶ፣ ግብርና» ብዬ ጻፍኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ኦቢሂሮ ስላለችበት ስለ ሰሜኑ ሆካይዶ ላሞች ሳወራ ኖሬ... ምናለበት? ላም የትም አለ። ለእናቴ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብቻ አልኳት።

ኖቬምበር 20

አሥራ አራት ቀን። አንድም መልእክት አልላክሁለትም። ሂናኖ «ጎበዝ፣ በርቺ» አለችኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

ዲሴምበር 3

በሥርዓት ልጻፍ።

የኬሚስትሪ መልመጃ ፍለጋ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱ ጋ ታኩሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ሂናኖ። መንደሪን ልጦ፣ ነጩን ክር አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ያጎርሳታል። መብላት ክልክል በሆነበት ቦታ! ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ልጦልኝ አያውቅም።

ሐሳቡ ተበትኗል? ኧረ የተበተነ አይመስልም። እየሳቀ ነበር።

መጽሐፉን ሳልዋስ ወጣሁ። ዣንጥላዬንም እዚያው ረሳሁት።

ዲሴምበር 4

ሂናኖን የጫማ መደርደሪያው ጋ ያዝኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጫማዋን ታያለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩሽ!»

«ከ... ኦክቶበር።»

ከኦክቶበር! እኔን እንለያይ ያለኝ ኖቬምበር።

«ታዲያ ‹ጎበዝ፣ በርቺ› ስትዪኝ ምን እያሰብሽ ነበር?»

«እንድትጠነክሪ ብዬ...»

«እንዳልደውልለት ብለሽ ነው!»

አለቀሰች። ማልቀስ የነበረብኝ እኔ፣ መሐረብ አውጥቼ የሰጠኋት ደግሞ እኔው። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው። መሐረቤን!

ዲሴምበር 9

ታኩሮን አገኘሁት። ይቅርታ የሚል መስሎኝ ነበር።

«አሁን ሰዓቱ አይደለም። ፈተናዬን ታበላሺብኛለሽ።»

ፈተናዬ! የኔስ? ክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«አይዞህ፣ ፈተናህን መንደሪኑ ያበላሽልሃል» አልኩት። ከኋላ አንዱ ሳቀ። በቂ አልነበረም... እስካሁን የተሻለ ስድብ እያሰብኩ ነው።

ዲሴምበር 21

ሒሳብ ኤ። መምህር ኩዋባራ መነጽራቸውን አውልቀው «ምን ተገኘ?» አሉኝ። ንዴት ነዋ! «እያጠናሁ ነው፣ መምህር» አልኳቸው።

ጃንዋሪ 2

ከእናቴ ጋር ቤተ መቅደስ ሄድን። ፈተና ያለበት ሁሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ «ልለፍ» ብሎ ጽፎ ይሰቅላል። እኔ «ታኩሮ ይውደቅ» ብዬ ጻፍኩ። ሰቀልኩት።

«ምን ጻፍሽ?» አለች እናቴ።

«ጤና።»

አላፈርኩም። ትንሽ ብቻ...

ጃንዋሪ 18

ሀገር አቀፉ ፈተና የመጀመሪያ ቀን። ጠዋት ስንነሳ በረዶው ጉልበት ድረስ ደርሷል። ባቡር ቆሟል። እናቴ የላውንደሪዋን መኪና፣ የሆቴል አንሶላ የምታመላልስበትን፣ አስነሳች።

ጣቢያው ጋ ስንደርስ አየኋቸው። ታኩሮና ሂናኖ በረዶው ውስጥ ቆመዋል። ታክሲ የለም፣ አውቶቡስ የለም። የሂናኖ ከንፈር ጠቁሯል።

እናቴ ፍሬን ያዘች። «ጓደኞችሽ አይደሉም እንዴ?»

ስለሆነው ነገር ምንም አታውቅም። «አይደሉም፣ እንሂድ» ብላት ትሄዳለች። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ፈተናው አምልጧቸው አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ሲጠኑ ማየት እችል ነበር...

«ናቸው» አልኩ። ለምን? ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ልበልጣቸው የፈለግሁት በፈተና እንጂ በበረዶ አልነበረም።

ከኋላ አንሶላው ክምር ላይ ወጡ።

«እትዬ፣ ነፍሳችንን አተረፉልን» አለ ታኩሮ። ቀጥሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አሁንም ጥሩ ልጅ ነሽ።»

ፈነዳሁ። ኦክቶበሩን፣ መንደሪኑን፣ መሐረቡን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሂናኖ ታለቅሳለች። እሱ «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» ይላል።

እናቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። «አንተ ልጅ፣ አንዲት ቃል ብትጨምር እዚሁ ነው የማወርድህ። አንቺም ልቅሶውን ተዪው፣ ዓይንሽ አብጦ ጥያቄው አይታይሽም። ቺዙሩ፣ ጠቡ አይሸሽም። ከፈተናው በኋላ ትቀጥዪዋለሽ።»

አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረን ደረስን። ማንም አላመሰገነኝም። ሂናኖ ብቻ ከወረደች በኋላ ጎንበስ አለች። ለእናቴ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

ጃንዋሪ 27

ነጥቤ ጥሩ ነው። መምህር ኩዋባራ «ኪዮቶ ትችያለሽ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

«ኦቢሂሮ ነው የማመለክተው። እንስሳት ሕክምና።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ቤት ስገባ ጦርነት። እናቴ ብርዱን ጠራች፣ ርቀቱን ጠራች። ከዚያ ድንገት ዞር ብላ አየችኝ።

«ቆይ፣ ኪዮቶን የመረጥሽው ለዚያ ልጅ ብለሽ ነበር?»

«አዎ።»

ጭልፋውን ማጠቢያው ውስጥ ወረወረችው። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ የተኮስኩት አንቺ እንድትመርጪ ነው ወይስ እሱ እንዲመርጥልሽ?»

ጮኽኩባት። ጮኸችብኝ። ያናደደኝ ልክ መሆኗ ነው። ታኩሮ አጭበረበረኝ፣ እሺ። ሂናኖ ዋሸችኝ፣ እሺ። ላጲሱን ያነሳው እጅስ? ማንም አላስገደደኝም። እሱ «ቀይሪ» እንኳ አላለኝም... ሁለት ወር ሙሉ ሰው ላይ ስናደድ ራሴን ዘልዬ ነበር።

ማመልከቻውን ሞላሁ። በእስክሪብቶ።

ፌብሩዋሪ 25

ኦቢሂሮ። ሁለተኛው፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጠው ፈተና። ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት። ስተነፍስ አፍንጫዬ ውስጥ ይቆረቁራል። አንዱ ጥያቄ ስለ ላም ጨጓራ ነበር። ሳቅሁ። ፈታኙ ገላመጠኝ።

ማርች 1

ምረቃ። ታኩሮ የኮቱን ሁለተኛ አዝራር፣ ልብ አጠገብ ያለውን፣ ነቅሎ ይዞ መጣ። ወንዶቹ በምረቃ ቀን ለሚወዷት የሚሰጡት ነው።

«ላንቺ ነው። ከመጀመሪያውም ላንቺ ነበር።»

«ሂናኖስ?»

«ተለያየን።»

ሂናኖ ለካ ከኋላው ቆማለች። «ለምን እውነቱን አትነግራትም?» አለች። «የጃንዋሪው ፈተና ባለቀ ማግስት ነው። ‹እስከ ሁለተኛው ፈተና እንለያይ፣ አንቺ አጠገቤ ስትሆኚ ሐሳቤ ይበተናል› ነው ያለኝ።»

ቃል በቃል! አንዲት ቃል እንኳ አልቀየረም! ለሁለታችን አንድ ዓረፍተ ነገር! ተያየን። ሳቄ መጣ፣ ፊቴ ግን ይነድ ነበር።

«አዝራሩን ለእናትህ ስጣት» አልኩት። «ትስፋልህ። ብርድ ነው።»

እንደዚያ ቀልቶ አይቼው አላውቅም። ሂናኖ ልታወራኝ ተከተለችኝ። «ዛሬ አይሆንም» ብያት ሄድኩ።

ማርች 8

ውጤት ወጣ፤ ካለፉት ዝርዝር ውስጥ የፈተና ቁጥሬ አለ። ስልኩን ዘግቼ ከፍቼ አየሁ። አለ። እናቴ ካውያውን እንደያዘች ጮኸች፤ ሸሚዝ ሊወስድ የመጣ ሽማግሌ ደንግጦ ወደ በሩ ሸሸ። ነገ ወፍራም ካፖርት ልንገዛ ነው። ቀለሙ ላይ ከወዲሁ ተጣልተናል።

ታኩሮ ስለማለፉ የማውቀው ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ነው ያስታወስኩት፣ አለመጠየቄን።

አሥር ሰዓት ላይ ሂናኖ ላውንደሪያችን ደጃፍ መጣች። ወድቃለች። አንድ ዓመት ቤት ቆይታ እንደገና ልትፈተን ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች። ቀጥላም፣ «የኬሚስትሪ ደብተርሽን... ትሰጪኛለሽ?»

ድፍረቷ! መንገድ ላይ ጮኽኩባት። ሩብ ሰዓት ይሆናል። ዲሴምበር ላይ ያላልኩትን ሁሉ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «አዎ» አለች። «አዎ፣ አድርጌዋለሁ።» ሰበብ አልደረደረችም።

ገባሁ። ሁለቱን ደብተሮች አምጥቼ እጇ ላይ ጣልኩላት።

«ይቅር አላልኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛው ደብተር ላይ አንድ ስሕተት አለ። የት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ራስሽ ፈልጊው።»

ደብተሮቹን ኮቷ ውስጥ ከትታ ሄደች። እኔ ገብቼ እራት በላሁ። ሁለት ሳህን።