ኮባው ላይ የጻፍከው ስም

የኔ ደበላ፣

ከተለየኸኝ አንድ ክረምት አለፈ፤ ቡናውም ዳግም ቀላ። መቱ አሁንም በጣሊያን እጅ ናት። እኔም አሁንም ቤትህ አለሁ። ይህን የምልህ ሊያስወጡኝ ስለነበር ነው። ያንንም ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

በቅሎህ ጓሮ ካለው ኮባ ዘንድ ስትደርስ ትቆማለች። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ብጎትታትም አትነቃነቅ። ነፋስ ሳይኖር ከቅጠሎቹ አንዱ ብቻውን ይወዛወዛል። መጀመሪያ እፈራ ነበር። አሁን ከጎኗ ቆሜ አብሬያት አዳምጣለሁ።

ከያዮ ጫካ ወደ ጎሬ ቡና ስታመላልስ፣ ጆንያው ላይ የተጻፈውን የባለቤቱን ስም ማንበብ ስለማትችል፣ በየጆንያው አፍ ለየት ያለ ቋጠሮ ታስር ነበር። ጎሬ ሚሲዮን ቤት መጽሐፍ ሳገላብጥ ያደግኩት እኔ በዚያ ቋጠሮ እደነቅ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞችህ ለቀልድ ብለው ሁሉንም ፈትተው አንድ ዓይነት አድርገው አሰሩት። የአንዱን ቡና ሌላው ቤት አራገፍክና ገበያው ሁሉ ሳቀብህ። ቤት ገብተህ እራት ሳትቀምስ፣ «አንቺ፣ ቋጠሮ ይፈታል። የማይፈታውን አስተምሪኝ» አልከኝ።

ወረቀት ከየት ይምጣ? ኮባ ላይ በእሾህ ጀመርን። ስትጭረው ምንም አይታይም። እጅህን አንስተህ ስትጠብቅ ግን ፊደሉ ቀስ እያለ ይጠቁራል። «ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚጽፍ ይመስላል» እያልክ ዞር ብለህ ታይ ነበር። እኔ እስቅብህ ነበር። አሁን አልስቅም።

ከሁሉ ስምህን አስቀደምክ፤ ደ፣ በ፣ ላ። ሌላውን ሳንጀምር ጣሊያን ጭነት የሚያመላልስ ሁሉ ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። የሆነውን የነገረኝ ከኋላህ ተሰልፎ የነበረው ጓደኛህ ነው። አስተርጓሚው «ጣትህን ቀለም ነክረህ አትም» ሲልህ፣ «ጣትስ አለኝ፤ ስምም አለኝ» ብለህ ብዕሩን ተቀበልክ። ጻፍክም። ያን ሰሞን የተማረ ሰው እየታደነ እንደነበር ሁለታችንም ሰምተናል። ግን ሦስት ፊደል የሚያውቅ ቡና ጫኝ፣ የተማረ ሲባል እኔንም ይጨምራል ብሎ እንዴት ያስባል? «የት ነው የተማርከው?» አሉህ። «ጓሮዬ» አልካቸው። እውነትህን ነበር፤ ያሾፍክባቸው መሰላቸው። እየደበደቡ ደጋግመው ጠየቁህ። የእኔን ስም ግን አልጠራህም። ከዚያ ወሰዱህ። ጓደኞችህ በጥይት ተመትተህ ሶር ወንዝ ዳር አገኙህና እዚያው ቀበሩህ።

በሰልስትህ ጧት ጓሮ ወጣሁ። አንተ ስትሄድ ገና ተጠቅልሎ የነበረው አዲሱ የኮባ ቅጠል ተፈትቷል። ስምህ ተጽፎበታል። ደጋግሞ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እየደበዘዘ፣ ደግሞም ተገልብጦ፤ ከወዲያኛው በኩል ሆነህ የጻፍከው ይመስል። ነገሩ ገብቶኛል። ቅጠሉ እንደተጠቀለለ ከውጭ ስትጭረው እሾህህ እስከ ውስጥ ዘልቆ ነበር። ቢገባኝም እንዳንተ ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ።

ለቅሶ ደራሹ አይቶ ጮኸ። አጎትህ ጋሼ ጉደታ ገጀራ ይዘው መጡ። «ፊደሏ በላው! ስሙን እያስጻፈች ለሞት አሳየችው። ቡዳ ናት! ኮባውም ይቆረጥ፣ እሷም ትውጣ!» አሉ።

ኮባው ፊት ቆምኩ። «ጋሼ፣ እሱን የገደለው ጥይት ነው። ጀግና ከሆኑ ገጀራዎን ተኳሹ ደጅ ሄደው ያንሱ» አልኳቸው። ገጀራው ግን አልወረደም።

ያን ጊዜ እናትህ፣ እትዬ ጫልቱ፣ ከለቅሶው መሀል ተነሡ። ታውቃለህ፣ ሳስተምርህ ዓይናቸው እያየ «ሴት ባሏን ፊደል ታስቆጥራለች? ዘመን ተገለበጠ!» ሲሉኝ የኖሩ ናቸው። ዛሬ እሳቸውም ካባረሩኝ አለቀልኝ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን አጎትህን፣ «ጉደታ፣ የልጄ መቃብር ሩቅ ነው። እዚህ የቀረኝ ይሄ ነው። ንካውና ታየኛለህ!» አሏቸው። ወደ ቅጠሉ ተጠግተው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ብለው ልጄ አሉኝ፤ ከገባሁ ጀምሮ ብለውኝ አያውቁም። «የትኛው ነው ደ?»

እንዲህ ነው የቀረሁት። ጋሼ ጉደታ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ያማትባሉ፤ ያማትቡ! እኔ ማስተማሬን አልተውኩም። ጎረቤት ሴቶች ጎመን የሚቀጥፉ መስለው ጓሮ ይገባሉ፤ እሾህ ይዘው ኮባ ሥር ይቀመጣሉ። ቡና ለቃሚዎች ይመዝገቡ በተባለ ጊዜ እናትህም ሄደው ጣታቸውን አትመው ተመለሱ። ቀለሙን በአመድ እያሹ፣ «ጣቴን ወሰዱ። ስሜን ግን አላሳየኋቸውም» ብለው ሳቁ።

ያ ቅጠል ደርቆ ወድቋል። ሌሎቹ ላይ አሁን የሚጽፉት እናትህ ናቸው። ስምህን ሲጽፉ የመጨረሻውን ፊደል እግር ማስረዘም ይረሳሉ፤ ደበላ ብለው ደበለ ይወጣላቸዋል። «እማዬ፣ አንዱ እግሩ ይረዝማል» ስላቸው፣ «ምን ሆነሽ ነው፣ የልጄ እግር እኩል ነበር!» ብለው ተቆጡኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቃችን ለቅሶ ሆነ።

ያም ሆኖ አሳረምኳቸው። ነገም አሳርማቸዋለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ስምህ በዚህ ቤት ተሳስቶ አይጻፍም።

ሚስትህ፣
ዘነበች