የእልልታውን ቁልፍ ለለቅሶ ለሰጡት ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ቶሌራ
«ድምድም» የተባለውን የከበሮ ሶፍትዌር የሚሠራው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና ነው ወይ? ስለ ጆሮዎ አጥብቄ የምጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ ድርጅትዎ ያወጣውን ቨርዥን ሦስት ካዳመጥኩ ወዲህ በመሥሪያ ቤታችሁ አንድ የጆሮ በሽታ ገብቶ እንደሆነ እያልኩ ስጨነቅ ስለከረምኩ ነው። ምሕረቱን ከፈጣሪ፣ መድኃኒቱን ከሐኪም እመኝልዎታለሁ።

እኔ ማስረሻ እባላለሁ፤ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ከወለንጪቲ እስከ ሞጆ ባለው አገር በየሠርጉ ኪቦርድ የምጫወት፣ ከላፕቶፔም የእናንተን ከበሮ የማስጮህ ሰው ነኝ። ይቅርታ፣ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ አገር እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት በግል የላክኋቸው መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መልስ ስላመጡልኝ ነው፤ ላፕቶፕዎን አጥፍተው ያብሩት የሚል። እንደ ታዘዝኩት አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ሐሰት አልናገርም፣ ቨርዥን ሁለትን ወድጄው ነበር። ከበሮው ነበረበት፣ ድቤው ነበረበት፣ ከታች ደግሞ የሠርግ ድምፆች በየቁልፋቸው ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው ቁልፍ ጭብጨባ፣ ሁለተኛው እልልታ፣ ሦስተኛው ሆታ፣ አራተኛው ፉጨት። ሙሽሮች ሲገቡ ሁለተኛውን ቁልፍ ተጭኜ አንድ እልልታ በሞንታርቦ እለቃለሁ፤ ሴቶቹ ከእኔ ይቀበሉና ድንኳኑን ያናውጡታል። ሰው ማስረሻ ያለበት ሠርግ ይደምቃል የሚለው በዚች ነገር ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራት ሥራ ናት።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። በቁጥር የማቀርበው የመሥሪያ ቤት ሰው ቁጥር ካልተደረደረለት አያነብም ሲሉ ስለሰማሁ ነው።

1ኛ፦ ቨርዥን ሦስት ቤቴ የገባው በር ሳያንኳኳ ነው። የኦቦ ሁንዴ ልጅ የቦንቱ ሠርግ ዕለት ጠዋት፣ ወለንጪቲ ድንኳን ውስጥ ዕቃዬን ዘርግቼ ሳለ፣ ኦቦ ሁንዴ በወጣትነታቸው የጨፈሩበትን አንድ ዘፈን እንዳገኝላቸው ቢለምኑኝ ላፕቶፔን ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር አገናኘሁት። ዘፈኑ ሲወርድ የእናንተም ጉድ አብሮ ወረደ። አስፈቅዶኝ ቢሆን ኖሮ በሠርግ ቀን አፕዴት የሚያደርግ ሙዚቀኛ እናቱ አልወለደችውም ብዬ እመልሰው ነበር። ወርዶ ሲያበቃ አንዲት አጭር ማስታወሻ ብቅ አለች፤ ጥቃቅን ማሻሻያዎች ተደርገዋል ትላለች። እኔም ሞኙ ጥቃቅን የሚለውን አመንኩ። ከበሮውን ነካ ነካ አደረግሁት፣ ድም ድም አለ፣ ደህና ነው ብዬ ተውኩት።

እልልታውንስ ለምን አልሞከርከውም ይሉኝ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ ሙሽሮች ደጅ ሳይደርሱ እልል አይባልም! ድምፅ ሲሞከር ማይክ ይሞከራል፣ ከበሮ ይሞከራል፤ እልልታና ጭብጨባ ግን ለሰዓታቸው ይቀመጣሉ። ቀድሞ እልል ያለ ሙዚቀኛ የሙሽሪት አክስቶች በዓይናቸው ይበሉታል። ከቢሮአችሁ ሠራተኞች መካከል አንድ ቀን ሠርግ ላይ የሠራ ሰው ቢኖር ይህን ይነግራችሁ ነበር።

2ኛ፦ በቨርዥን ሦስት አዲስ ድምፅ ጨምራችኋል፤ ለቅሶ። ለድራማና ለፊልም ሠሪዎች ይጠቅማል ብላችሁ ነው አሉ። ይጨመር፣ ማን ከለከለ! ነገር ግን ከመካከላችሁ አንድ ሥርዓት ወዳድ ሰው ተነሥቶ ድምፆቹን በሀሁ ተራ ደረደራቸው። ሆታ በ«ሀ» አንደኛ ወጣ፤ ለቅሶ በ«ለ» ሁለተኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ እልልታ ወደ ሦስተኛ ተገፋ። ሀሁ ላስቆጠሯችሁ የኔታ ምስጋናዬን አድርሱልኝ፤ በደንብ አስቆጥረዋችኋል። የእኔ ጣት ግን ሀሁ አልቆጠረም፤ የሚያውቀው ሁለተኛው ቁልፍ እልልታ መሆኑን ብቻ ነው።

የሆነውን ልንገርዎትና ይፍረዱ። ሙሽራው የሞጆ ልጅ ነው፤ ሁለቱ ቤተሰብ ተስማምቶ በአንድ ድንኳን ነው የደገሰው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ተሻለች ያን ቀን ፊታቸው ልክ አልነበረም። ታላቁ ልጃቸው ኢዩ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ ለወንድሜ ሠርግ እደርሳለሁ ብሎ፣ ከሚሌ ወዲህ ስልኩ አልሠራ ብሏል። እናቱ እህል ሳይቀምሱ በሩን በሩን ሲያዩ ዋሉ።

ሙሽሮቹ ገቡ። አንደኛውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ በጭብጨባ ፈንታ ሆታ ወጣ። ሚዜዎቹ ደስ ብሏቸው የጮኹ መስሎኝ ይበል አልኩ። ሁለተኛውን ተጫንኩ። አንዲት ሴት ወየው! ወየው ልጄን! ብላ በአራት ሞንታርቦ ወለንጪቲን ቀውጢ አደረገቻት። እዚህ ላይ ድርጅትዎን ሳላመሰግን አላልፍም፤ የድምፁ ጥራት የሚደንቅ ነው፣ እንባዋ ሁሉ ይሰማል።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር እርስዎም አይጠፋዎትም። ሰው በተሰበሰበበት ድንገት አንድ ሰው ይጮሃል። ማን ሞተ ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ጥያቄው በኋላ ነው። ወይዘሮ ተሻለች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ኢዩዬ እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከሞንታርቦው ተቀበሉ። ሙሽራው ወንድሜን! ብሎ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቦንቱ ቬሎዋን እንደለበሰች አብራው ተንበረከከች፤ ኦቦ ሁንዴ ያ ዋቃዮ፣ ያ ዋቃዮ እያሉ ማንን እንደሚይዙ ጠፋቸው። እኔ ደግሞ ደንግጬ አጠፋለሁ ስል ያንኑ ቁልፍ ደግሜ ተጫንኩት። አፈር ልብላ! ሴትዮዋ ከመጀመሪያው አብልጣ አለቀሰች።

ኢዩ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ጤነኛ ነው፣ ደህና ነው፣ የስልኩ ባትሪ አልቆበት ነው። መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ እየሮጠ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ እናቱ ደረት ሲመቱ ያያል። የሞተው ሙሽራው መሰለውና ወንድሜን! ብሎ እሱም መሬት ላይ ተንከባለለ። ታናሹ ለታላቁ ያለቅሳል፣ ታላቁ ለታናሹ ያለቅሳል፤ ሰው ይዞ እስኪያገናኛቸው ድረስ ሁለቱም በየበኩላቸው ሟች ነበሩ። ወይዘሮ ተሻለች ልጃቸውን ቆሞ ሲያዩት ራሳቸውን ሳቱ፤ ጤና ጣቢያ ተወስደው እዚያው አመሹ። የልጃቸውን ሠርግ አላዩትም፣ ክቡር ሆይ፤ አይደገም ነገር። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን ከድንኳኑ አስወጥተው ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ እጅ ጭብጨባ እንደገና አስገቧቸው። እኔን ዕቃህን ሰብስብ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ማስረሻ መርዶ ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ሹፌሮች እስከ አዳማ ባጃጆች ድረስ የማያውቀው የለም። የያዝኳቸው ሠርጎች በየተራ ተሰረዙ። አንዷ የሙሽራ እናት በጨዋ ደንብ ሌላ ሰው አግኝተናል አለችኝ፤ ሌላዋ ጨዋነቱንም ትታ ሟርተኛ ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሽማግሌ ይዤ ሞጆ ወርጄ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ወይዘሮ ተሻለች እግር ሥር ወደቅሁ። ይቅር ብለውኛል፤ አምላክ ይስጣቸው። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ግን እስከ ዛሬ ያማትባሉ። ጥፋቱ የሶፍትዌር ነው ብዬ ባስረዳ ማን ይስማኝ? ጣቱ የኔ ነው፣ ያየውም ሰው ብዙ ነው።

3ኛ፦ ሥራ ፈት ስሆን ጊዜ ተረፈኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ኢንተርኔት ነክቶት የማያውቅ የጓደኛዬን ላፕቶፕ ተውሼ ቨርዥን ሁለትንና ቨርዥን ሦስትን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫንኩ ልዩነታቸውን አጠናሁ። እናንተ ጥቃቅን ያላችሁትን ለማወቅ ጆሮዬ እስኪደነዝዝ ማዳመጥ ነበረብኝ። በቨርዥን ሁለት ከበሮውን ሰው ነበር የመታው፤ አንዱ ምት ጠንከር ይላል፣ ቀጣዩ ለስለስ ይላል፣ አንዳንዱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። ትከሻ የሚነቃነቀው በዚያች መዘግየት ነው። በቨርዥን ሦስት ሁሉንም ምት እኩል አደረጋችሁት። ያንን ከበሮ ከፍቼ እስክስታ ውረዱልኝ ብላቸው እህቶቼ ሚስማር የሚመቱ አናጢዎች መሰሉ።

4ኛ፦ ከበሮውንና ድቤውን አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ ባህላዊ ከበሮ የሚል ስም ሰጣችሁት። በአዳማ ሠርግ አንዱ ወገን ከበሮውን ሲሰማ ይነሣል፣ ሌላው ድቤውን ሲሰማ ይነሣል፤ የእኔ ሥራ ሁለቱንም ሳላስቀይም ማስነሣት ነው። እናንተ ግን ሽማግሌ ሳትልኩ፣ ወላጅ ሳትጠይቁ አጋባችኋቸው። አሁን ሁለቱም ወገን ቁጭ ብሎ ያየኛል።

5ኛ፦ ወደ ቨርዥን ሁለት መልሱኝ ብዬ ብለምን ጊዜው አልፎበታል አላችሁኝ። ይሁን። ከዚያ በኋላ የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ያ ለቅሶ የመጣው ከማስረሻ ተንኮል ሳይሆን ከእኛ የቁልፍ አደራደር ነው የምትል ሁለት መስመር ጻፉልኝ አልኩ። ለወይዘሮ ተሻለች የማሳያቸው፣ በየሙሽራው ቤት ይዤው የምዞር ሁለት መስመር። ክቡርነትዎ በፊርማዎ የሰጡኝ መልስ ስሕተቱ የተጠቃሚው ነው የሚል ሆነ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀ። አንጀቴ አርሯል፣ ቂም ይዣለሁ፤ ቂም መያዜንም አልደብቅዎትም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሁለት መስመሩን አልለምንም። ስሜን ያጎደፈው ሰው ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ በሰው ፊት ያጠራልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ።

ያሳያችሁኝን ቸርነት በልቤ ቋጥሬ፣ ለድርጅትዎ ሠራተኞች፣ በተለይም ለዚያ ሀሁ አዋቂ፣ ረጅም ዕድሜና የሰላ ጆሮ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እስከ ጉልበቴ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎ
እናትና አባቱ ማስረሻ ያሉት
ከእናንተ ወዲህ ማስረሻ መርዶ የሚባለው
ከአዳማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠርጎቼ ተሰረዙ ስልዎት አንዷ ሳትሰረዝ ቀርታለች። የሙሽራው አባት ኦቦ ኦሊቃ የአዳማ ሰው ናቸው፤ ቃሌን አላጥፍም ብለው ጸኑ። የሙሽሪት አባት ማን እንደሆኑ የሰማሁት ግን ገና ባለፈው ሳምንት ነው። እንኳን ደስ አለዎት፣ ክቡር አቶ ቶሌራ! ልጅዎን ቤዚን እግዚአብሔር ይባርካት፤ በእሷ ላይ ክፉ አላስብም። የተዋስኩትን ላፕቶፕ ለባለቤቱ መልሻለሁ፤ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ያለው የእናንተው ቨርዥን ሦስት ነው፤ ሌላ አልተዋችሁልኝም። ትናንት ደግሞ ሌላ አፕዴት በራሱ ጊዜ ገብቷል፤ እልልታው አሁን በየትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ አላውቅም፣ እንደ ወጋችንም አልሞከርኩትም። ከጎኔ ወንበር አስቀምጬልዎታለሁ፤ ኦቦ ኦሊቃም ደስ ብሏቸው ተስማምተዋል። ቤዚ በር ላይ ስትደርስ የሶፍትዌሩ ጌታ የሙሽሪት አባት ራሳቸው ናቸው ብዬ በማይክ አስተዋውቄዎት እኔ እነሣለሁ። ቁልፉን የሚጫኑት እርስዎ ነዎት፤ ሴቶቹም ቆመው የሚለቁላቸውን ይቀበላሉ።