ምስማር የማያስፈልገው ቤት

ለውድ ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

የእንጨት ቤታችን ለመንገድ ይፈርሳል ብለን ሰግተን አልነበር? ባለፈው ሳምንት የቅርስ ባለሙያዋ መጥታ ግድግዳውን ስትዳብስ ዋለች።

«አባባ፣ ቤቱ ያለ አንድ ምስማር የተገጣጠመ ነው። በረንዳውን እንዲህ በምስማር የጠቀጠቀው ማነው?»

«እኔው ነኝ፤ ያጠናከርኩት መስሎኝ» አልኳት አፍሬ።

«እጅዎ ይባረክ አልልም!» ብላ ሳቀች።

ዛሬ ከቅርስ ቢሮው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ቤቱም እናትሽ የተከለችው አትክልትም በቅርስነት ተመዝግበዋል። አይፈርስም ልጄ! እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ኧረ መዶሻውን አስቀምጥ» ስትለኝ ለምን እንዳልሰማኋት ራሴን ጠየቅሁ። አሁን ምስማሩን እየነቀልኩ፣ በእያንዳንዱ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ደስታዬ ግን ወሰን የለውም።

አንቺና እሷ በረንዳው ላይ አብራችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ላኪልኝ። ባለሙያዋ የድሮውን መደገፊያ ማየት ትፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ እናትሽን።

በሰላም ያገናኘን።

አባትሽ