ያለ ነፋስ የሚዞረው

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
የነፋስ ተርባይኔን ሁለተኛ ክንፍ ስሞርድ ዋልኩ። እንጨቱ ከአሮጌው ቁም ሳጥን በር የወጣ ነው፤ ደህና እንጨት። ከመጀመሪያው ክንፍ ትንሽ ይከብዳል። ነገም እሞርዳለሁ። “ዓመት ሞላው እኮ” ትላለች ባለቤቴ። ይሙላ! የመብራት መስመር እዚህ ሰፈር ይደርሳል ብለን ስንት ዓመት እየጠበቅን አይደል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩ የነፋስ ተርባይን ሰቀለ። በሁለት ሳምንት! ሞተሩ ከመኪና ራዲያተር ማራገቢያ የተነቀለ፣ ክንፉ የተሰነጠቀ የውሃ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው የመኪና ባትሪ። አልሞረደ፣ አልለካ። ዞረ። ሰው አጨበጨበ።
“ጋሼ፣ የእርስዎስ ሰርግ መቼ ነው?” አለኝ ከመሰላሉ ላይ።
ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴም። የእሷ ሳቅ ነው የቆጠቆጠኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ባለቤቴ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ፀጉር ቆራጩ ጋ ሄደች። ድሮ ወፍጮ ቤት ነበር የምትወስደው፤ ሩቅ ነው፣ እግሯን ያማታል። ትታው መምጣት ስትችል ሁለት ሰዓት ቆየች።
“ምን ስታደርጊ?”
“ሰው ያጫውተኛል።”
“እኔስ?”
“አንተማ ከእንጨትህ ጋር ነህ።”
ስልኩ የሚያስፈልገው ለልጃችን ጥሪ ነው። ሩቅ አገር አግብታ፣ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ምጥ ሲይዛት ለእናቷ ልትደውል ተነጋግረዋል። እንዴት ብዬ ልከልክል?

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ የለም። የእሱ ይዞራል! ምን ቢያደርግበት ነው...? “ጥሩ ሲሠራ ትንፋሽም ይበቃዋል” ይላል ለደንበኞቹ።
ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
ገባኝ። ነፋስ አይደለም፤ ባትሪው ነው የሚያዞረው! ዲዮድ አላስገባም። ዲዮድ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው እንዲገባ እንጂ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚከለክል ዘበኛ ነው። ያለ እሱ፣ ነፋስ ሲቆም ባትሪው ሞተሩን እያዞረ ራሱን ይጨርሳል። እኔ ይህን የተማርኩት ከሃያ ዓመት በፊት የራሴን ባትሪ ገድዬ ነው። ማን ነገረኝ? ማንም። ታዲያ እኔ ለምን እነግረዋለሁ?
ዛሬ በደንብ በላሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19
ነፋስ የለም። ይዞራል። ወንበር አውጥቼ አየዋለሁ።
“ቀናህ አይደል?” አለች ባለቤቴ።
“በምኑ?”
“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከቻልክ ስቀለው፤ ካልቻልክ አጨብጭብለት።”
ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። ይዙር።

እሁድ፣ ኅዳር 21
የእሱ ባትሪ ሞተ። ፀጉር መቁረጫው መሃል ላይ ቆሞ፣ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ኮፍያ ደፍቶ ሲወጣ አየሁ። ብቻዬን ሳቅሁ።
ከሰዓት ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ተመለሰች። ጠፍቷል። ወፍጮ ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው።
“ልጄ ብትደውልስ?”
መልሱ እኔ ጋ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ነበረኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22
በጠዋት ወፍጮ ቤት ሄደች። ስልኩ እንደበራ አማቻችን ደወለ። ትናንት ወልዳለች። ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ምጡ ሲጠናባት “እማዬን አገናኙኝ” ትል ነበር አለ። ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው አለ።
“የማንም ጥፋት አይደለም” አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።
ይህን ባትል ይሻለኝ ነበር። ነገርኳት። ሁሉንም።
“ለጎረቤታችንም ንገረው” አለች። ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23
ለተርባይኔ ያስቀመጥኩትን ዲዮድ ወሰድኩለት። ያለኝ አንድ ነው፤ ከተጣለ የመኪና ዲናሞ ያወጣሁት። ባትሪዬንም። የእሱ ከእንግዲህ አይነሳም።
እኔ ላይ ሆኜ ሽቦውን ሳስር እሱ መሰላሉን ያዘ።
“ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቁት?”
“ሳምንት ሆነኝ።”
መሰላሉ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ያዘው።
“ቀስ ብለው ይውረዱ።”

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30
ነፋስ የለም። የእሱ ቆሟል። “ተበላሸ እንዴ?” ይሉታል። “በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ዘበኛ አለው” እያለ ያስረዳል... የእኔን ቃል! ስሜን እንኳ አያነሳም። ሞረዴን አነሳሁ።
ባለቤቴ ስልኳን ልታመጣ ተነሳች። ዛሬ ልጃችን የምትደውልበት ቀን ነው። በሩ ላይ ቆም አለች።
“አትመጣም?”
ሦስተኛው ክንፍ እጄ ላይ ነበር። አስቀመጥኩት።
ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ፀጉር ቆራጩ አንዱን ደንበኛ አስነስቶ ወንበሩን ለእኔ ሰጠ። ባለቤቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው። ሕፃኗ ታለቅሳለች።