ፎርዴ ለምን ፈጠነ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ዝናብ። የመኪና ውድድር የለም። ጋራዥ ውስጥ ዋልኩ። የፎርድ ፒካፔን ዘይት ቀየርኩ፤ ካንዴላዎቹን ፈትቼ ጠርጌ መለስኩ። ምንም አላስፈለጋቸውም ነበር... ግን ቅዳሜ እጄ ሥራ ካልያዘ ይበላኛል።

ከምሳ በፊት ጓደኛዬ ቬርሎን መጣ። ሼቭሮሌቷን ደጃፍ ላይ አቆማት። በ1957 ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ቀለም ዛሬም አለ፣ ጭቃ ተጨምሮበት። ሁለታችንም የፎርዱ ኮፈን ስር አጎነበስን። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሞተር ነው የምናየው።

"ይሄ የ1955 ሽማግሌ አሁንም ይነሳል?" አለ ቬርሎን።

"ባለፈው ሴፕቴምበር ጀርባውን አሳይቶህ የለ?"

"ጀርባውስ ደህና ነው። ፊቱ ነው የሚያስጠላው።"

ሚስቴ ኖሪን የጋገረችውን የቼሪ ፓይ አወጣች። እሱ ሁለት ቁራጭ፣ እኔ ሦስት። እሷ የኔን ቆጠረች። ስትቆጥር ነው የምፈራት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ሐኪም ቤት። ቀጠሮውን የያዘችው ኖሪን ናት። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን የፖስታ ሳጥን ገጭቼ ጥዬው ነበር። ፀሐይ ዓይኔ ገባ አልኳት... ቀኑ ደመና ነበር።

ስኳር። የሦስት ወሩ አማካይ ልኬት ዘጠኝ ነጥብ አንድ።

ዶክተር ሃስኪንስ የልጄ እኩያ ናት፤ ቀልድ ግን አታውቅም። "ሚስተር ስትራውድ፣ ከሰባት በታች መውረድ አለበት። ዓይንዎ ብዥ የሚለው በሌላ አይደለም" አለችኝ። ክብደት ይቀንሱ። ዳቦ ይቀንሱ። ጣፋጭ ይተዉ። ቋሊማ ይተዉ። በእግር ይሂዱ። ምን ቀረኝ? ውሃ።

ስንመለስ ኖሪን ነች የነዳችው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ውሉን አወጣች።

"ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ትመረመራለህ። ከሰባት በታች ካልሆነ ፎርዱ ይሸጣል።"

"ለማን?"

"ለእህቴ ልጅ።"

የእህቷ ልጅ ሞተሩን አውጥቶ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ባትሪ ሊያስገባበት፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ቀለም ሊቀባው ነው የሚያስበው። ራሱ ነግሮኛል፣ ደረቱን ነፍቶ።

"ትቀልጃለሽ።"

"ዓይኑ ብዥ የሚል ሰው በሰዓት ዘጠና ማይል ሲነዳ ቆሜ አላይም፣ ዴል። እኔ ያገባሁት አንተን ነው። ፎርድ አላገባሁም።"



ለቬርሎን አልነግረውም። ሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ጥገና የወጣለትን አንድ ወዳጃችንን ሦስት ዓመት ሙሉ "ጎዶሎ" እያለ ነው የጠራው። ለኔማ ስም አውጥቶ አይጠግብም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር። ሩብ ማይሉን እጨርስበታለሁ ብዬ የገመትኩትን ሰከንድ፣ 14.82፣ መስኮቴ ላይ በነጭ የጫማ ቀለም ጻፍኩ። ስድስት ዓመት የጻፍኩት ቁጥር ነው። አንዱን ዙር አለፍኩ። በሁለተኛው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እኔ ስለ ምሳ እያሰብኩ ነበር... ከውድድሩ ወጣሁ።

ምሳ ቋሊማ በዳቦና ሰላጣ ነበር። ቋሊማውን ለትሪሽ ውሻ ሰጠሁት። ትሪሽ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳዋ ናት፤ የምትወዳደረው በ1972 ሞዴል ፒካፕ ነው። ውሻዋ ዛሬ ከኔ አልለይ አለ።

ቬርሎን ሰሃኔን አየ። "ሰላጣ ነው የምትበላው?"

"ኖሪን ናት።"

"ምን አጥፍተህ?"

"አላወቅኩም።"

"እንግዲያው ከባድ ነው" አለና ዳቦዬን በላልኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

ሁለት ማይል በእግር። ባለ ፖስታ ሳጥኑ ጎረቤት ሰላም ሊለኝ እጁን አነሳ። እርምጃዬን ጨመርኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ተሸነፍኩ። ቀድሜ ደርሼ።

ቤት ስገባ ኖሪን "አሸነፍክ?" አለች።

"ፊት ደረስኩ። ተሸነፍኩ።"

"እሱን ደግሞ አስረዳኝ።"

በዓመት አንዴ አስረዳታለሁ። እያንዳንዳችን መኪናችን ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ገምተን መስኮት ላይ እንጽፋለን። ቀርፋፋው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይለቀቃል። ፊት የደረሰ ያሸንፋል። ግን ራሱ ከጻፈው ቁጥር ከፈጠነ ተሸነፈ፣ ምክንያቱም ዋሽቷል። እኔ ዛሬ 14.82 ጽፌ በ14.79 ገባሁ።

"ስለዚህ ዋናው ነገር መኪናህን ማወቅ ነው።"

"አዎ።"

"ሁለታችሁም ከፈጠናችሁስ?"

"ትንሽ የዋሸው ያሸንፋል።"

"ልክ እንደ ትዳር" ብላ ብሮኮሊ አቀረበችልኝ።

ግን ሦስት መቶኛ ሰከንድ ከየት መጣ? ስድስት ዓመት እንደ ሰዓት የሄደ መኪና...

ረቡዕ፣ ጁን 18

ካርቡሬተሩን አወረድኩት። ንጹሕ ነው። የጎማውን አየር ለካሁ። ልክ ነው። ነዳጁን ቀይሬ ሞከርኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ አስነሳሁት። ያው ፎርዴ ነው፣ ያው ድምፅ። ታዲያ ምን ሆነ? ማታ ሆዴ ሲጮህ ኖሪን ጋራዥ ውስጥ ሳይጠፋ የቀረ ሞተር መስሏት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

እንደገና። 14.78። ያሸነፈችኝ ትሪሽ ናት፤ ከኔ ኋላ ገብታ። ውሻዋ እንኳን ያዘነልኝ ይመስላል... ወይም ቋሊማ ፈልጎ ነው።

ቬርሎን ሰው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። "ይሄ ሰው ሞተሩን ነካክቷል። ኮፈኑ ይከፈት።"

"ክፈተው። ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።"

ሦስት ሰዓት ሙሉ ገለበጠው። እያንዳንዱን ቡሎን ነካ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። እሰደባለሁ ብዬ ጠበቅኩ። "ምንም የለውም" ብቻ አለ። ከዚያም ቀና ብሎ "አንተስ ደህና ነህ?"

"ምን እሆናለሁ?"

"እኔ እንጃ" አለና ሄደ። ቬርሎን ሳይቀልድ ሲሄድ ይሄ የመጀመሪያው ነው። የኔ መሸነፍ እሱንም አስከፋው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

የራሴ ጅልነት ዛሬ ተገለጠልኝ።

ፎርዱን እህል መጋዘኑ ጋ ወስጄ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አወጣሁት። አንድ ነገር ወልቆ ወድቆ ይሆናል፣ መኪናው ቀሎ ይሆናል ብዬ ነው። የሚዛኗ ልጅ መጀመሪያ እኔን ከነመኪናው መዘነችን። አምና ከጻፍኩት ክብደት ሃያ ስድስት ፓውንድ ጎድሏል።

"ይኸው" አልኳት። "አንድ ነገር ወልቋል።"

"እስቲ አንተ ውረድ።"

ወረድኩ። እንደገና መዘነችው። መኪናው ብቻውን ካምናው አንድ ፓውንድ አልጎደለም።

ልጅቷ ወረቀቱን ሰጠችኝና ሱሪዬን አየችው። "መኪናህ ደህና ነው። የቀለልከው አንተ ነህ።"

ተመልሼ ገብቼ መሪው ላይ ተደግፌ ሳቅኩ። ኋላዬ በቆሎ የጫነ መኪና ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ። ሁለት ሳምንት ካርቡሬተር ስፈታ የከረምኩት ብሮኮሊ ፍለጋ ነው ማለት ነው!

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

14.78 ጻፍኩ። 14.79 ገባሁ። አሸነፍኩ። ከዚያም አሸነፍኩ። ከዚያም።

ቬርሎን መስኮቴን ሲያይ ቆየ። "በስድስት ዓመት ቁጥር ቀይረህ አታውቅም።"

"አየሩ ነው። ዘንድሮ አየሩ ጥሩ ነው።"

ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል፤ ሞተር ደግሞ የሚፈጥነው በቀዝቃዛ አየር ነው። እሱ ፊቱ ላይ ላቡ ይወርዳል። "አየሩ" አለ። "እሺ።"

ዋሸሁት። ቀላል ውሸት ነው... ግን ማታ አልተመቸኝም። አሁን ልንገረው? ሁለት ወር ከደበቅኩ በኋላ እንዴት ነው የሚጀመረው?

ሐሙስ፣ ኦገስት 7

የአውራጃው ባዛር። ስኳር የተነሰነሰበት የተጠበሰ ሊጥ ሽታ ከመኪና ማቆሚያው ይቀበልሃል። ቬርሎን በየዓመቱ ሦስት ነው የሚበላው፣ ዘንድሮ ግን "ጥርሴን አሞኛል" አለና ዝም ብሎ አለፈው። እግዜር ይስጠው፤ እሱ ቢበላ ኖሮ እኔም አልቆምም ነበር። ሰፊ ቱታውን ለብሶ ባዛሩ ላይ ስለቀረቡት አሳማዎች ሲያወራ አመሸ።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

ምርመራው ሦስት ሳምንት ቀረው። የእህቷ ልጅ ደውሎ የፎርዱን በር ስፋት ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ጋራዥ ወጥቼ ትንሽ ተቀመጥኩበት። ሞተሩን አላስነሳሁም። ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

 ከየት ልጀምር?

የአሮጌ ፒካፖች ዋንጫ። ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሞተር የሚወደው ዓይነት። ትሪሽ ከመብራቱ ቀድማ ተነስታ ከውድድሩ ወጣች፤ መሪውን በቡጢ ስትመታው ውሻው ጮኸባት። ለመጨረሻው እኔና ቬርሎን ቀረን።

የኔ መስኮት 14.77። የሱ 15.10፣ እንደ ወትሮው። ተሰልፈን ሳለን መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ኖሪንን ይቅርታ ጠይቅልኝ።"

"ለምኑ?"

"ባሏን እያለቀሰ ነው የምመልስላት።"

እሱ ቀድሞ ተለቀቀ። ተከተልኩት። ሩብ ማይሉን ሙሉ የሼቭሮሌቷን ጀርባ ሳይ ነበር... ጥርት ብሎ ይታየኛል። የሰሌዳዋ ቁጥር፣ ሰሌዳዋ ላይ ያለው ጭቃ። ባለፈው ዓመት ይሄ ሁሉ አይታየኝም ነበር። ጫፉ ላይ ጎን ለጎን ሆንን። እሱ እግሩን ከነዳጁ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

የኔ ጎን መብራት በራ። እኔ 14.76፣ እሱ 15.06። ሁለታችንም ፈጥነናል፤ እኔ በአንድ መቶኛ፣ እሱ በአራት። ትንሽ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዋንጫው የኔ ሆነ።

ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ። ከዚያ 15.06 የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ያቺን መኪና ሰው አልነካትም። ሞተሯ ቀርቶ ጭቃዋ አልተነካም። አራት መቶኛ? ያኔ ገባኝ።

ሄጄ በሩን ከፈትኩበት። ቱታው ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም?

"ስንት ፓውንድ?"

"የምን ፓውንድ?"

"ቬርሎን።"

የቱታውን ወገብ ሳብ አደረገ። "ሃያ ስምንት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሞተርህን ገልብጬ ምንም ካጣሁበት ቀን ጀምሮ። መኪናው ካልተነካ የተነካው ሰውዬው ነው አልኩ። ሰው በጤናው ቋሊማ ለውሻ አይሰጥም። ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አየሩ ነው አልከኝ።"

"ጎዶሎ ትለኛለህ ብዬ ነዋ።"

"ጎዶሎ እልህ ነበር" አለ። ክፋቱ ይሄ ነው፣ አይዋሽም።

"አንተስ? አንተ ለምን ራስህን ታስርባለህ?"

"መጀመሪያ በእልህ ነው። አንተ ቀልለህ እኔ እንደከበድኩ ልቅር? በኋላ ግን..." አፍንጫውን ጠረገ። "አንተ ሳር እያኘክ ፓይ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። በቃ።"

"ታዲያ ቁጥርህን ለምን አልቀየርክም?"

"ብቀይር ትነቃብኛለህ። በጋውን ሙሉ ጫፍ ስደርስ እግሬን እያነሳሁ ነው የገባሁት። ዛሬ ጎኔ መጣህ። አንተ ጎኔ ሆነህ እግር ይነሳል?"

እዚያው የሼቭሮሌቷ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ስኳሩን፣ የፖስታ ሳጥኑን፣ የኖሪንን ውል። እስከ ወይን ጠጁ ቀለም ድረስ ሰማኝ። እዚያ ላይ ስደርስ ግን እንደ ለቀስተኛ ቆቡን አወለቀ።

አፈርኩ። ሰላሳ አንድ ዓመት አንድ ሞተር ስር ጭንቅላቴን የከተትኩበትን ሰው አራት ወር ደበቅኩት። እሱ ደግሞ አንድ ቃል ሳይናገር አብሮኝ ተራበ። እወደዋለሁ፣ ይሄን ሆዳም። ቀድሞ ሆዳም የነበረውን።

"አንተ ተመርምረህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"መርፌ አልወድም" አለ፣ ወደ ትሪሽ ውሻ እያየ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ስድስት ነጥብ ስምንት።

ዶክተር ሃስኪንስ ወረቀቱን ስታዞርልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።  ኖሪን ስልኳን አውጥታ እዚያው እፊቴ ለእህቷ ልጅ ደወለች። "ፎርዱ አይሸጥም። አይ። አይ፣ በሩም አይሸጥም።" ከዚያ እጄን ያዘችና ቶሎ አለቀቀችውም።

ቬርሎን እንግዳ መቀበያው ውስጥ ነበር። ኖሪን ናት ጎትታ ያመጣችው፤ ሁለቴ ሽንት ቤት ገብቶ ሊያመልጥ ሞክሯል። የሚሞላ ቅጽ ሰጥተውታል። ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት። ክብደቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሰረዘ፣ የድሮውን እየጻፈ። ከታች "ችግር ቢፈጠር የሚጠራ ሰው" ይላል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሳይጠይቀኝ ስሜን ጻፈ። ስልኬን በቃሉ ያውቀዋል።

"ዝምድና" የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን አነሳ። ወዲያ አየ። መልሶ እኔን አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በትልልቅ ፊደል "ተፎካካሪ" ብሎ ጻፈ።

ነርሷ አነበበችው፤ ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን። "ተፎካካሪው አብሮት ይግባ" አለች። መርፌው ሲገባ እጄን ሊሰብረው ምንም አልቀረው።