የክሌሜት ዮይክ በጋራው ቋት

ለውድ ሞክሼዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? የኦስሎ ደረጃ አባሰው ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። ወንዙ በበረዶ ጠጥሯል፤ ሰው በላዩ መሻገር ጀምሯል። ፀሐይንም ለዘንድሮ ተሰናብተናታል፤ ለሳምንታት አትወጣም። እማማ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ሁሉን ይሰማል፤ ለነገሩ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእሷ ጆሮ ነው።

በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ እራራለሁ፣ ከራራሁ ደግሞ ሆዴ ያለውን ሳልናገር እዘጋዋለሁ። በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አንቺ ስትወለጂ በእኔ ስም ተጠራሽ። ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ፤ ግን ሞክሼ ባዶ እጁን አይመጣምና ለክርስትናሽ የብር ማንኪያ በሁለት እጄ ይዤልሽ መጣሁ። ማንኪያዋ እስከ ዛሬ ወጥ ቤትሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች ብለሽኛል። በእኛ ዘንድ ሞክሼ ከእህት አያንስም። አንዳንዴም ይበልጣል፤ እህት እንዲሁ ትወለዳለች፣ አንቺን ግን አስበውበት ነው የሰጡኝ።

ባለፈው ዓመት መኸር ከአለቃሽ ጋር እዚህ ካራሾክ መጥተሽ በአዳራሹ ስትናገሪ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ኮርቼብሽ ነበር፣ አልደብቅሽም። የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ በስልክና በኮምፒውተር ላይ የየራሳቸው ጨዋታ፣ ታሪክና ፊልም ይኑራቸው የሚለውን ፖሊሲ አንቺ አርቅቀሽው አንቺው አስረዳሽን። መንግሥት ገንዘብ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ቋንቋም ድምፁንና ጽሑፉን በአንድ የጋራ ቋት ያስቀምጣል፤ ከቋቱ የፈለገ ድርጅት እየቀዳ ይሠራል፤ ኢንዱስትሪው ያድጋል። በቂ የተቀዳ ድምፅ ያላስገባ ቋንቋ የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ያልፈዋል። አጎት ዮቭና ከኋላ ሆኖ፣ «እኛን ለማሳደግ ስንቴ መጡ! እኔ እንደሆንኩ ከዓመት ዓመት እያጠርኩ ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃሽ ሊግባባ ብሎ ስንት አጋዘን እንዳለው ሲጠይቀው ደግሞ አንቺ መሬት ልትገቢ ደረስሽ። ሰውዬው የባንክ ደብተር እየጠየቀ መሆኑን ማን ይንገረው? አጎት ዮቭናም ረጋ ብሎ፣ «ከዛፉ ወዲህም አሉ፣ ከዛፉ ወዲያም አሉ» አለው።

ከዚያ እኔ እጄን አውጥቼ «ዮይኮቻችንስ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልስሽን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ወደ አለቃሽ ዞረሽ፣ «ዮይክ ስለ ሰው የሚዘፈን ዘፈን አይደለም፤ ሰውየው ራሱ ነው። የሠራው ሰው ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ ከሰጠው በኋላ የእሱ አይደለም። ያለ ባለቤቱ ወይም ያለ ዘመዶቹ ፈቃድ አንድም ዮይክ ቋቱ ውስጥ አይገባም» አልሽው። አጨበጨብን። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

ማታ እኛ ቤት እራት በላሽ። የቅልጥሙን መቅኒ እማማ ለአንቺ ሰጠችሽ። ከበላን በኋላ ያችን ካሴት ጠየቅሽን፤ አጋዘኖቻችንን ከመንጋው በምንለይበት ሰሞን ድንኳን ውስጥ በአንቺ ቴፕ የቀዳናትን። የእማማ ዮይክ አለባት፣ የአጎት ዮቭና አለባት። ሠርጋችሁ ሲቃረብ ለወንድሜ ለክሌሜት የሠራሽለት አለባት። እኔ ለአንቺ የሠራሁልሽም አለባት። «ኦስሎ ውስጥ ክሌሜትን የሚያውቅ አንድ ሰው የለኝም፤ አንዳንዴ ብቻዬን ልስማው» አልሽ። ወንድሜ በበረዶ ሞተሩ ወንዙን ሲሻገር በረዶው ከድቶት ከሰመጠ ወዲህ ስሙን በዚህ ቤት እንዲያ አድርጎ የጠራ ሰው አልነበረም። እማማ ራሷ ተነሥታ ካሴቷን ከመሳቢያ አወጣችልሽ። ገልብጠሽ ከቸኮሌት ጋር መለስሽልን።

አሁን የሱቁን ልንገርሽ። እማማና እኔ ዳቦ ልንገዛ ገብተን ነበር። አንዲት ሕፃን የእናቷን ስልክ ይዛ ዓሣ የማጥመድ የሂሳብ ጨዋታ ትጫወታለች። በትክክል ስትደምር ዓሣው ይያዝና ዮይክ ይሰማል። ስትሳሳት ዮይኩ እመሐል ላይ ይቆረጣል። ክሌሜት ነበር። እማማ ዳቦውን እንደያዘች ቆመች። «ማነው ክሌሜትን የሚጠራው?» አለችኝ። ከዚያ እስከ በሩ ሄዳ፣ ከፍታ፣ ወደ ወንዙ አየች። ሞክሼዬ፣ ያቺ ሴትዮ ልጇን ከቀበረች ስንት ዘመኗ ነው? ሕፃኗ ደግማ ተሳሳተችና ወንድሜ ደግሞ ተቆረጠ። እናቴን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት፤ ዳቦውን ሳንከፍልበት መውጣታችንን ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው።

ያን ቀን ስደውልልሽ አልካድሽም። የጥቂት ሰዓት የተቀዳ ድምፅ እንደጎደለ፣ ቋንቋችን ከመጀመሪያው ዙር ሊወድቅ እንደነበር፣ ቢወድቅ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን እንደሚቀሩ ነገርሽኝ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽም፣ «ሕጉ ባለቤት የሚለው የቀዳውን ሰው ነው» አልሽ። ቴፑ ያንቺ ነበር፣ የቀዳሽውም አንቺ ነሽ፤ በወረቀት ውሸት የለብሽም። ሕጉን ማን ጻፈው ብዬ ስጠይቅሽ ማልቀስ ጀመርሽ፤ እኔም ራራሁና ዘጋሁት።

እውነቱን ላለመካድ፣ ገንዘቡ መጥቷል። በአሮጌው ፖስታ ቤት ስቱዲዮ ተከፍቷል። የጎረቤታችን የኤሌ ሴት ልጆች ከትሮምሶ ከተማ ተመልሰው በቋንቋችን የልጆች ታሪክ እየቀዱ ደመወዝ ይበላሉ። ሕፃናቱ ጨዋታ ሲሸነፉ በኖርዌይኛ ሳይሆን በእኛው ይሳደባሉ፤ ስሰማቸው ሳልወድ እስቃለሁ። እንዲያውም ይቅር ልልሽ ጫፍ ደርሼ ነበር። ከተማ ሲኖሩ ይረሳል፤ የስብሰባ ብዛት ሰውን ያደነዝዛል፤ ምን እንደምትሰጪ ሳታስቢው ሰጥተሽው ይሆናል እያልኩ ጥብቅና ቆምኩልሽ። እማማ እንኳ «አንቺ ጠበቃ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስቱዲዮ ሄጄ የኤሌን ታላቋን ልጅ ቋቱን ክፈችልኝ አልኳት። ለሁሉም ክፍት ነው አይደል? ካሴታችን አለች። እማማ አለች። አጎት ዮቭናም አለ፤ እሱን እንኳ ማንም አልጠየቀው። ክሌሜት አለ። ከክሌሜት ቀጥሎ የድንኳኑ እሳት ሲንጣጣ ይሰማል፣ ከዚያ እኔ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ከዚያ ያልቃል።

ከጉሮሮዬ ቀጥሎ የሚመጣው ያንቺ ነበር።

ደግማ እንድትከፍትልኝ ለመንኳት። ያው ነው። ሁላችንንም ስትሰጪ የራስሽን ቆርጠሽ አስቀርተሻል። ስለዚህ አልረሳሽም ነበር፤ ዮይክ ምን እንደሆነ ለአለቃሽ ስታስረጂ እንደነበረው ጠንቅቀሽ ታውቂው ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ፊቴን አይታ፣ የጎደለ ካለና ካሴቱ እጄ ላይ ከሆነ ራሷ ልትጭንልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። «ማን ይጠይቅሻል?» አለች። እጄን እንዴት እንደበላኝ አልነግርሽም። አንቺም በየሱቁ ዓሣ ስትይዢ፣ ሕፃን ሲሳሳት ስትቆረጪ ታየኝ፤ ደስም አለኝ።

ቤት ገብቼ መሳቢያውን ስከፍት እማማ ሰማችኝ። ምን ላደርግ እንደሆነ ሳልነግራት፣ «እሱ የሰው ነው። ለባለቤቱ ላኪላት» አለችኝ።

ስለዚህ ካሴቷ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥታልሻለች። ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም። ክሌሜትስ እንዳትዪኝ፤ እሱን እንደ ማንኛውም ሰው ከቋቱ እሰማዋለሁ። ያንቺ ግን ከዚህች ካሴት፣ አንቺው ከገለበጥሽውና ከእኔ አፍ በቀር የትም የለም። በአፌ ያለውን በፖስታ መላክ አልቻልኩም። አንቺ አታውቂም እንጂ ጠዋት ጠዋት እንጨት ስፈልጥ እጠራሽ ነበር። አሁን ዝም ብዬ እፈልጣለሁ።

ጉልበትሽን ይማርልሽ። ቤትሽ አይቀዝቅዝ። ወንዝ በተሻገርሽ ቁጥር በረዶው ይጽናልሽ። ማንኪያዋን እንዳትመልሺልኝ፤ እሷን የሰጠሁት ለሕፃኗ ነው።

የክሌሜት እህት